አሥራ አምስተኛዋ

ከአሥራ አራት በላይ መያዝ አይቻልም። ሕጉ ይኸው ነው። ንጉሥም ይሁን ቧንቧ ሠራተኛ፣ የጎልፍ ቦርሳው ውስጥ ከአሥራ አራት መምቻ በላይ ይዞ ጨዋታ የጀመረ ሰው ይቀጣል። በባሕር ዳሯ ከተማችን በፖርትካልዲ ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኔ ዱጋልድ ሬኒ፣ የሰባ አንድ ዓመት ሽማግሌ፣ ዕድሜ ልኬን የዓሣ ጀልባ ሞተር ስጠግን የኖርኩት ሰውዬ፣ ሕጉን የተማርኩት ከጸሎት ቀድሜ ነው። እንግዲህ የጣስኩት ያንኑ ነው። ያሳፍራል፤ ግን እናገራለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጓደኛዬ ከኢነስ ዊሻርት ነው። በየዓመቱ የጥንዶች ዋንጫ አለን። ሁለት ሰው አንዲት ኳስ ይዞ፣ አንዴ እኔ አንዴ አንተ እያለ እየተፈራረቀ የሚመታበት ጨዋታ ነው። በእኛ አገር ልማድ ጥንዶቹ ቦርሳም የሚይዙት አንድ ብቻ ነው፤ አሥራ አራቱን መምቻ ለሁለት ይካፈላሉ። እኔና ኢነስ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰባት የእሱ፣ ሰባት የእኔ እያደረግን ይዘናል። ሦስት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሰን ሦስቱንም ጊዜ ተሸንፈን ገባን። ክለቡ ግድግዳ ላይ የአሸናፊዎች ስም በወርቅ ቀለም የሚጻፍበት የእንጨት ሰሌዳ አለ፤ የሚጻፈውም የቤተሰብ ስም ብቻ ነው። ኢነስ ቢራውን ይዞ ከሥሩ ይቆምና ባዶውን ቦታ በጣቱ እየለካ፣ ሬኒና ዊሻርት እዚህ ጋ ልክክ ይላል ይለኝ ነበር። በየካቲት ልቡ ቀጥ አለችና ሞተ። ሳይጻፍ ሞተ።

በሚያዝያ ልጁ ሮና በሬን አንኳኳች። ሮና ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ወደ ደሴቶቹ የሚሄደው መርከብ ቢሮ ውስጥ ትሠራለች፤ ግትርነቷ የአባቷ ነው። ተቀመጪ ስላት ሳትቀመጥ፣ ዘንድሮ ለዋንጫው ከአንተ ጋር ልግባ አለችኝ። እኔም ዊሻርት ነኝ፣ ሰሌዳው ደግሞ የትኛው ዊሻርት ብሎ አይጠይቅም አለች። ያኔ ምን እንደፈለገች ገባኝ። ላለቅስ ደረስኩ፤ ስለዚህ ተቆጣሁ። አመሌ ነው፣ ምን ላድርግ። ጫማሽን ሳትጠርጊ ነው እንዴ የገባሽው ብዬ ጮኽኩባት። ሳቀችብኝ። በዚያው ተስማማን።

በሳምንቱ ጋራዤ ወለል ላይ ብርድ ልብስ አንጥፈን ያለንን መምቻ ሁሉ ደረደርን። ሃያ ስድስት ነበር። ከሃያ ስድስት አሥራ ሁለቱን መጣል ቀላል ይመስላችኋል፤ አይደለም። እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው፤ አንዱ ለሩቅ፣ አንዱ ለአሸዋ፣ አንዱ ለረጅም ሣር፣ አንዱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ለማንከባለል። አንዱን ስትተው አንድ ዓይነት ምት ትተህ መውጣትህ ነው። የተውከው ምት ደግሞ ሜዳ ላይ ሆን ብሎ ይጠራሃል። እሷ አንድ ታነሳለች፣ እኔ እመልሳለሁ፤ እኔ አንድ ሳነሳ እሷ ፊቷን ታጠቁራለች። እንዲህ ስንነታረክ ሦስት ሰዓት ፈጀን።

በመጨረሻ ሮና ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሚስማር አየች። አሮጊቷ እዚያ ተሰቅላለች።

አሮጊቷ የምንላት ኢነስ ከአያቱ የወረሳት መምቻ ናት። ዘንጓ እንጨት፣ ብረቷ ቀጭንና ዝገት የበላት። ኳሷን ከመሬት ብዙም ሳታነሳ በነፋሱ ሥር አሹልካ ትሰዳለች። ለባሕር ነፋስ ከእሷ የተሻለ የለም፤ ችግሩ ከኢነስ በቀር ማንም በእሷ አቅንቶ መምታት አይችልም። የእሱ ቤት እርጥበት ስላለው እንጨቷ እንዳይበሰብስ የምትኖረው እኔ ጋ ነበር። የዋንጫው ቀን ሲደርስ ታዲያ ኢነስ ይረሳታል። ሁልጊዜ! ስለዚህ ከጋራዡ ስወጣ መብራቱን ከማጥፋቴ በፊት እሷን ከሚስማሩ አውርጄ ቦርሳው ውስጥ መክተት የእኔ ሥራ ሆነ። የእሱ ሥራ ደግሞ መነሻው ላይ ቆሞ የመምቻዎቹን አናት በመዳፉ እየነካ መቁጠር ነበር። አሥራ አራት፣ ተመስገን ይልና ይጀመራል።

«ይህቺስ?» አለች ሮና ከሚስማሩ እያወረደቻት።

አይሆንም አልኳት። አንቺም አትችያትም፣ እኔም አልችላትም፤ ለምን እንሸከማታለን?

«ያንተን ሰባት ቁጥር ብንተዋትና እሷን ብንይዝስ፣ አጎቴ?»

ሰባት ቁጥር የብረት መምቻዬ ማለት ቀኝ እጄ ናት። ከመሳሪያዎቼ ሁሉ አስበልጬ የማምናት፣ ከሃያ ስድስቱ ውስጥ መጀመሪያ ያነሳኋት እሷ ነበረች። ደሜ ፈላ። ያኔ ያልኳትን ብመልሰው ደስ ባለኝ፤ ግን አንዴ ከአፍ ወጥቷል።

«ቦርሳ የሚመቱበትን መያዣ ነው፤ የሙት ዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን አይደለም» አልኳት።

አሮጊቷን በእጅጌዋ ጠርጋ ሚስማሩ ላይ መልሳ ሰቀለቻት። አሥራ አራቱን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች፤ በጋውን ሙሉ ቦርሳው እሷ ጋ ሆነ። ይቅርታ ልጠይቃት ስል ስል ጊዜው አለፈ። እኔ ይቅርታ ላይ ጎበዝ አይደለሁም።

አራት ዙር አሸነፍን። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ስትመታ የኢነስ ትከሻ ነው የሚታየኝ። ጉልበቴ ስለሚያመኝ ቦርሳውን በሁለት ጎማ ጋሪ የምትጎትተው እሷ ናት፤ የምፈልገውን ቁጥር ስነግራት አውጥታ እጄ ላይ ታኖርልኛለች። እኔ ቦርሳው ውስጥ አላይም። በመስከረም ለፍጻሜ ደረስን።

በዋዜማው የጋሪው ጎማ ተንገጫገጨና ላጠብቀው ወደ ጋራዤ አመጣሁት፤ ቦርሳው እኔ ጋ አደረ። ጠዋት ተነሣሁ፣ ገንፎዬን በላሁ፣ ጫማዬን አሰርኩ፣ ቦርሳውን ጋሪው ላይ ጫንኩ፣ መብራቱን አጠፋሁ፣ ወጣሁ። ከዚህ ሌላ የማስታውሰው ነገር የለም። እግዜር ያውቃል፣ የለም።

ተጋጣሚዎቻችን የማክፌይል ወንድማማቾች ነበሩ፤ ጣራ ሠሪዎች ናቸው፣ ክንዳቸው የእኔን ጭን ያክላል። ታላቅየው ጉልበትህ እስከ ስንተኛው ጉድጓድ ይዘልቃል ብሎ አሾፈብኝ። አንተ ጉድጓዶቹን ቆጥረህ ሳትጨርስ እኔ ተጫውቼ እጨርሳለሁ አልኩት። ዳኛዋ የክለቡ ሊቀመንበር ወይዘሮ ፔትሪ ነበረች። ሰው ሁሉ በኢነስ ምክንያት ሊያየን ወጥቷል። መነሻው ላይ ማንም አልቆጠረም። የሚቆጥረው ሰው መቃብር ውስጥ ነው፤ ሥራውን የወሰደለት የለም።

ሮና ያን ቀን የተለየች ነበረች። ፊቷ በርቶ፣ በየመንገዱ ክንዴን ያዝ እያደረገች፣ አንዳንዴም ዝም ብላ ፈገግ እያለች አየኋት። ድል ሸቷት ነው ብዬ አለፍኩት። በትንሽ ምት ያስገባ ጉድጓዱን ያሸንፋል፤ አሥራ ስድስተኛው ጉድጓድ ሲያልቅ በሁለት ጉድጓድ እንመራ ነበር፤ ከአሥራ ስምንቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ናቸው። ከሁለቱ አንዱን እኩል ብንወጣ ዋንጫው የእኛ ነው፣ ሰሌዳውም የእኛ።

አሥራ ሰባተኛው መነሻ ላይ ሮና ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ስታጠብቅ፣ ላግዛት ብዬ ለእሷ የሚሆነውን ላወጣ ወደ ቦርሳው እጄን ሰደድኩ። ጣቴ እንጨት ነካ። አየሁ፤ አሮጊቷ ናት። ቆጠርኩ፤ አሥራ አምስት። እንደገና ቆጠርኩ።

እጄ ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የለመደ እጄ፣ መብራቱን ከማጥፋቱ በፊት፣ እኔን ሳያማክር ከሚስማሩ አውርዶ ከቷታል። ያቺን ልጅ በሙት ዕቃ የሰደብኩ ሰውዬ!

ማክፌይሎች ጀርባቸውን ሰጥተው ያወራሉ። ወይዘሮ ፔትሪ ከፔርሙሷ ሻይ እየቀዳች ነው። ማንም አላየኝም። ኳስ የምንጠርግበትን ፎጣ ላዩ ላይ ጣል ባደርገው ሃያ ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ከዚያ ኢነስ በጣቱ ሲለካው የነበረው ቦታ ይሞላል። እውነቱን ልናገር፣ ፎጣውን አነሳሁት። ግን ምን ብዬ ነው ስሙን እዚያ የምሰቅለው? ኳሷ በሣር ውስጥ የፀጉር ያህል ስትነቃነቅ ከእሱ ሌላ ማንም ሳያይ፣ ነካኋት ብሎ ራሱን ሲያስቀጣ ስንት ጊዜ ሰድቤዋለሁ! ፎጣውን መለስኩት።

«ወይዘሮ ፔትሪ፣ አሥራ አምስት ይዘናል» አልኩ።

ቅጣቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሁለት ጉድጓድ ይቀነሳል። መሪነታችን እዚያው ጠፋ፣ እኩል ሆንን። ታናሹ ማክፌይል ኮፍያውን አውልቆ መሬት መሬት ያይ ጀመር። ደግ ልጅ ነው።

ሮና ወደ እኔ መጣች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«መጀመሪያው መነሻ ላይ አይቻት ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሆን ብለህ የያዝካት መስሎኝ። ሰባት ቁጥርህን ትተህ ለአባዬ ቦታ የለቀቅህ መስሎኝ ነው፣ አጎቴ። ደስ ብሎኝ መቁጠሩ ትዝም አላለኝ።»

«አምስተኛው ላይ በሰባት ቁጥር መታሁ እኮ፣ ሳላይ መዝዤ» አልኳት።

«የረገጥኩትን አሸዋ እያስተካከልኩ ነበር። ራስህ ስታወጣት አላየሁህም።»

ክንዴን ስትይዝ የዋለችው ለዚያ ነው። እኔ ያልሆንኩትን ሰውዬ ይዛ ነበር የዋለችው። ተሸንፎ መግባትን አውቀዋለሁ፣ ለምጄዋለሁ፤ እንዲህ ግን አፍሬ አላውቅም። ሆን ብዬ አይደለም፣ እጄ ነው፣ ልማድ ነው አልኳት። መዋሸት እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። ራሷን ነቀነቀች፤ አንዲት እንባ ወረደች፣ በእጅጌዋ ጠረገቻት።

ወይዘሮ ፔትሪ ጉሮሮዋን ጠረገች። «አንዷ ከጨዋታ መውጣት አለባት፣ አቶ ሬኒ። የትኛዋ እንደሆነች ምርጫው የእናንተ ነው።»

ሁሉም ወደ አሮጊቷ ተመለከተ። ማንም የማይመታባት፣ የተቀጣንባት እሷ ናት፤ ምን ምርጫ አለው? ሮናም እጇን ወደ እሷ ሰደደች። እኔ ቀደምኳት። ሰባት ቁጥሬን መዝዤ አወጣሁና ለወይዘሮ ፔትሪ ሰጠኋት። ሮና አየችኝ፤ እኔ ወደ ባሕሩ ዞርኩ።

አሥራ ሰባተኛውን እኩል ወጣን። የመጨረሻው ላይ መነሻውን የምመታው እኔ ነበርኩ፤ ደህና መታሁ። ነፋሱ ከፊት ይገፋል። የቀረው ርቀት የሰባት ቁጥር ርቀት ነው፤ ልክ የእሷ፣ አንድ ክንድ እንኳ አይበልጥም አያንስም። ሰባት ቁጥር ደግሞ በወይዘሮ ፔትሪ እጅ ናት። ሮና ቦርሳውን አላየችም። አሮጊቷን አወጣች። ተዪ፣ ቆዪ ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ዘጋሁት።

መታች። ኳሷ ከጉልበት ከፍ አላለችም፤ በነፋሱ ሥር ሄደች፣ ወረደች፣ ተንከባለለች፣ ለስላሳው ሣር ላይ ወጥታ ከጉድጓዱ አንድ እርምጃ ተኩል ቀርቷት ቆመች። ኢነስ በሕይወቱ ከዚያ የተሻለ አልመታም፤ ቢሰማኝም እላለሁ።

ከዚያ ታላቁ ማክፌይል የእነሱን ኳስ ከሩቅ ጫፍ አንከባለላትና ገባችለት። እንግዲህ የእኔ ተራ ነው። ያቺን አንድ እርምጃ ተኩል ካስገባሁ እኩል ነን፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሺህ ጊዜ አስገብቻታለሁ። ጎንበስ አልኩ፣ መታሁ፤ የጉድጓዱን ከንፈር ልሳ አለፈች።

አልቀረልንም፣ ተሸነፍን። ሰሌዳው ላይ ማክፌይልና ማክፌይል ተብሎ ተጽፏል፤ አንድ ስም ሁለት ጊዜ ለመጻፍ ቀለም ያባክናሉ።

ጋራዤ ውስጥ ገብተን ዕቃውን አወረድን። ይቅርታ ልላት ነበር፤ ስለ ሚያዝያው ንግግሬ፣ ስለ እጄ፣ ስለዚያች ስለሳትኳት ኳስ፣ ስለ ሁሉም። «ሮና፣ ልጄ» ብዬ ጀመርኩ። እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ቀብሩ ላይ እንኳ ያላለቀስኩ ሰውዬ።

እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ከዚያ አሮጊቷን ልሰቅል ከቦርሳው ሳወጣት ከእጄ ወስዳ መልሳ ከተተቻት። ወይዘሮ ፔትሪ የመለሰችልንን ሰባት ቁጥሬን አንስታ ሚስማሩ ላይ ሰቀለቻት። ቦርሳው ላይ ጎንበስ ብላ አናታቸውን በመዳፏ እየነካች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ቆጠረች።

«አሥራ አራት» አለች፣ «ተመስገን።»

መብራቱን አጠፋሁና ወጣን።