ያልታጠነ ጠርሙስ

ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ ልጆቼ፤ የአያ አለበልን ነገር ላጫውታችሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ውሃ ከሚመረመርበት ክፍል፣ ዜማ የምትባለው ባለሙያ አያ አለበል ውሃ ሞልቶ ያመጣውን ቅል ክዳኑን ከፍታ አሸተተች።

"አባባ፣ ይሄ ውሃ ጢስ ጢስ ይላል።"

"እንዴታ! በወይራ የታጠነ ቅል ነው። 'በንጹሕ ዕቃ አምጡ' አላላችሁም?"

"ታዲያ እኔ የምመረምረው ውሃውን ነው ጢሱን?" ብላ ሳቀች።

አያ አለበል ግን አልሳቀም። ቅሉን ያጠነችው ባለቤቱ ነበረች፤ ከሞተች ሦስት ዓመቷ። ጠረኗ እንዳይወጣ ብሎ ክዳኑን ነክቶት አያውቅም። አሁን የከፈተው ለልጁ ለመቅዲ ሲል ነው። መቅዲ ሕፃኗ በወንዙ ውሃ እየታመመባት ደምበጫ ገብታ ቀርታለች። "አዲሱ ጉድጓድ ይጠጣል ከተባለ በማግስቱ እመጣለሁ" ብላዋለች። እሱም ለዚህ ለጉድጓዱ ውሃ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ የከበረውን መረጠለት።

"ልጄ፣ እንደ ምንም ብለሽ መርምሪልኝ።"

"ብመረምረውማ የጢሱም የቅሉም ነገር ውሃው ውስጥ ገብቷል፤ ጉድጓዱ ያለ ጥፋቱ ከምርመራው ይወድቅብዎታል።" አዲስ የፕላስቲክ ጠርሙስ ከነክዳኑ ሰጠችው። "በዚያው በጉድጓዱ ውሃ ሦስት ጊዜ ያለቅልቁት፣ እስከ አፉ ይሙሉት፣ በዕለቱ ያምጡልኝ። ሳሙና እንዳይነካው። ደግሞ እንዳያጥኑት!"

"ሳይታጠን? ሰው ፊት የሚቀርብ ዕቃ?"

"ሳይታጠን፣ አባቴ።"

ቅሉን ልትደፋው ብድግ ስታደርግ እጇን ያዘ። "ተይው፣ እኔው እደፋዋለሁ።"

አገሩ ሲደርስ ፀሐይ ዘቅዘቅ ብላ ነበር። ውሃውን ባለቤቱ ከተከለችው ጌሾ ሥር አፈሰሰና ቅሉን አሸተተ። ጠረኑ ሳስቷል፤ አለ ሲሉት የሚጠፋ ሆኗል። ከዚያ ወይራ ፈልጦ እሳት አያያዘ።

ጠርሙሱን በእጁ አገላበጠው። ሳያጥኑ መውሰድ እንግዳን እህል ሳያቀምሱ እንደ መሸኘት ሆነበት። እጁ ወደ ጢሱ ሄደ፤ ተመለሰ። ይዞት ወጣና ጢሱ ከማይደርስበት፣ ከአጥሩ ጥግ ሰቀለው። ነገ ማለዳ ይሞላዋል።

ተመልሶ ገባና ቅሉን ጢሱ ላይ ደፋው። በዕድሜው ሙሉ ዕቃ አጥኖ አያውቅም፤ የእሷ ሥራ ነበር።

"መቅዲ ስትመጣ ለልጇ ወተት ታድርግበት" አለ፣ ጢሱ ዓይኑን እያቃጠለው።

አደራ ልጆቼ፣ ያን ለመቅዲ ሲባል ሳይታጠን አጥር ላይ ያደረውን ጠርሙስ አስታውሱልኝ።