ያጠጣ አይነሣም

ሽማግሌው መድኃኒተኛ የወንድሙ ልጅ የተከራየውን ክፍል በርግዶ የገባው፣ ልጁ በገንዘብ ለሰው የሚያጠጣውን ሥር ነጥቆ ሊሄድ ነበር። ሥሩ ሐዘን የጸናበት ሰው ሟቹን በሕልሙ እንዲሰናበት የሚጠጣው፣ ከአያት ከቅድመ አያት ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ መድኃኒት ነው። ሕጉም አንድ ነው፦ ያጠጣ ሰው፣ የጠጣው ነቅቶ እስኪቀመጥ ድረስ እጁን ይዞ ከአጠገቡ አይነሣም።

አንዲት ወጣት ፍራሽ ላይ ብቻዋን ተጋድማ፣ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ትንቀጠቀጣለች። ልጁ በረንዳው ላይ ስልኩን ይጎረጉራል።

«ብቻዋን ትተሃት?»

«አጎቴ፣ ደግሞ ጀመሩ እንዴ? ሙዚቃ ከፍቼላታለሁ እኮ!»

«ሙዚቃ እጅ አለው? አንተ ጡር የማትፈራ! እሷ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ አንተ እዚህ ትገለፍጣለህ?»

ልጅቷ ቃተተች። ሽማግሌው የመጣበትን ጉዳይ ትቶ እየተራገመ ወለሉ ላይ ተቀመጠና እጇን ያዘ። እሷም ጨምድዳ ያዘችው።

ይህን ሲያይ የልጁ ፊት በራ። ደጅ ተራ ወደሚጠብቁት ሰዎች ዞሮ፣ «ግቡ፣ ግቡ! ዛሬ ዋናው አዋቂ ራሳቸው ተቀምጠዋል» አለ።

የሽማግሌው የግንባር ደም ሥር ተገታተረ። ሊነሣ ሲል የልጅቷ ጣቶች ይበልጥ ጠበቁበት። እጁን መንጭቆ ጥሏት ቢሄድ ከዚህ ባለጌ በምን ይሻላል?

«አንድ ሰው ታስገባና!» ብሎ ከተቀመጠበት አንባረቀ። «እሷ ትንቃ ብቻ፣ እኔና አንተ እንተያያለን!»

ልጁ ግን አጎቱ እንደማይነሣ ያውቃል። እየሳቀ እንግዶቹን ጫማ ያስወልቅ ጀመር።