አይሰማም፣ ይሰማዋል

መምህርቷ ጀርባዋን ለተማሪዎቿ ሰጥታ የእባብ መንጋጋ ሰሌዳው ላይ እየሳለች ሳለ፣ ከጣውላው ወለል ድው ያለ ምት በጫማዋ ሶል ዘልቆ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰ። ዞረች።

ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ዳይሬክተር አፉን ገና መክደኑ ነበር። አንድ ነገር ጠይቋል ማለት ነው። ጆሮዋ እየከዳት መሆኑን ለማንም ትንፍሽ አላለችም፤ ከታወቀ ከልጆቹ ተነጥላ የመጻሕፍት ክፍል ቁጭ ማለቷ ነው። እሱም ዛሬ የመጣው ወሬው ደርሶት በዓይኑ ሊያረጋግጥ ነው።

አንድ ቦታ አልረጋ ስለምትል “ፌንጣ” የሚሏት ልጅ ከፊት ወንበር ቀና ብላ፣ መምህርቷን ፊት ለፊት እያየች ቃሉን አንድ በአንድ ዘረዘረችው።

“ቲቸር፣ እባብ ጆሮ ከሌለው ሰው ሲመጣ እንዴት ይሰማል? ብለው ነው።”

መምህርቷ ከከንፈሯ ለቀመችው።

“እንደኛ አይሰማም፤ ይሰማዋል። መንጋጋውን መሬት ላይ ያሳርፍና የኮቴው ንዝረት በአጥንቱ አልፎ ይደርሰዋል። ቶሎ ካልደረሰው ይረገጣል።”

“ታዲያ ወንድሜም እባብ ነው” አለ አንዱ። “ቢመክሩት አይሰማም።”

ክፍሉ ሳቀ፤ ሳቁን አየችው። ዳይሬክተሩ ግን አልሳቀም። ወደ ፊት መጥቶ ቅድም ወለሉን በእግሩ የመታው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ፌንጣ አንገቷን ደፍታ ቆመች። ነገ ወላጅ ይዛ እንድትመጣ አዘዛት።

መምህርቷ ልጆቹን ተራ በተራ አየቻቸው። ወለሉን ሲመቱ ስንት ጊዜ ጋጠወጦች ብላ ተቆጥታቸዋለች! ለካ የሚመቱት እሷ ጀርባዋን ስትሰጥ፣ ያውም ሰው ሲያናግራት ብቻ ነበር። ማንም ሳይነግራቸው አውቀው፣ ለማንም ሳይናገሩ ምስጢሯን ይዘውላታል። አሁን ተሰማት።

ዝም ብትል ነገሩ በልጅቷ ላይ ያልቃል።

“ተቀመጪ፣ እናቴ” አለቻት። ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች። “ወላጅ የሚጠራ ከሆነ የእኔ ይጠራ። ልጅቷ የመታችው ለእኔ ብላ ነው። ጆሮዬ ከድቶኛል።”

ዳይሬክተሩ አንድ ነገር ተናገረ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ስለነበር ከከንፈሩ አልለቀመችውም፤ እንዲደግምላትም አልጠየቀችው። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀችና ጠረጴዛው ስር አኖረችው። በባዶ እግሯ ጣውላው ላይ ቆማ፣ ጀርባዋን ለክፍሉ ሰጥታ፣ ያልጨረሰችውን መንጋጋ መሳል ቀጠለች።