ምርቃት የበዛበት መተግበሪያ

«ስህተት አምጪ ነው ያልኩሽ፣ ፋና! የላክሽልኝ ይሄ ምንድን ነው?» ሳምሶን በስልክ ይጮኻል። «‹እጅህ ይባረክ›፣ ‹እደግ ተመንደግ›፣ ‹ከክፉ ይጠብቅህ›። አርባ ሰው መረቀኝ፤ ምን እንደተበላሸ የነገረኝ ግን አንድም ሰው የለም!»

ፋና አንኮበር ላይ ከሚኒባስ መውረዷ ነበር። ሳምሶን ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ገበሬው እህሉን በስልክ የሚሸጥበት መተግበሪያ ሠርቷል፤ እሷን የቀጠራትም ስህተቱን ከገበሬው እየለቀመች እንድታመጣለት ነው። የሙከራ ወሯ ደግሞ ዛሬ ያልቃል።

«ዛሬ አምስት ስህተት ካላመጣሽ ምን ብዬ ላቆይሽ?» አለና ዘጋው። እውነቱን ነው፣ ምን ብሎ ያቆያታል?

መተግበሪያውን ከጫነችላቸው አንዷ ወይዘሮ አስካለማርያም ደጃቸው ላይ ገብስ በሰፌድ ያበጥራሉ። ጤና ተጠያየቁ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ፣ ስለ ላሚቱም ተጠያየቁ።

«ስልክዎ ላይ የጫንኩልዎትስ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን።»

«ምንም አላስቸገረዎትም?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

ፋና ስልኩን ተቀብላ ገብሱን ፎቶ ልታነሳ የመተግበሪያውን ፎቶ ማንሻ ነካችው። ድርግም ብሎ ተዘጋ። ደግማ ነካችው። አሁንም ድርግም።

ወይዘሮ አስካለማርያም ዐይናቸውን ወደ ሰፌዱ መለሱ። «አመሉ ነው የኔ ልጅ። አራተኛው ላይ ይታረቃል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጫንሽልኝ ቀን ጀምሮ።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ፋና ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

«አይ አንቺ! ልጁ ለፍቶ ሠርቶት፣ ተበላሸ ብዬ ከእንጀራው ላፈናቅለው?»

«እሱማ ምንም አይሆንም! የምባረረው እኔ ነኝ!»

ሴትየዋ ክው አሉ። ሰፌዱን አስቀመጡና በአጥሩ ላይ ጎረቤታቸውን ተጣሩ። «ወለተሐና! ልጅቷ ሥራዋን ልታጣ ነው፤ ነይና የዚህን ስልክ ጉድ ተናገሪ!»

ወለተሐና እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። ከዚያ በኋላማ ስህተቱ ጎረፈ። ቻርጅ ይበላል። ቅዳሴ መሀል ይጮኻል። ዋጋ ሲጠይቁት ይኮራል። የወለተሐና ዶሮ የጠፋችውም እሱ ከተጫነ ወዲህ ነው። ፋና እየሳቀች ስትጽፍ አሥራ ሁለት ደረሰ።

«ለመሆኑ ያንቺ ስልክ ላይም ተጭኗል?» አለቻት።

«እኔማ ስልክም የለኝ» አለች ወለተሐና። «ግን የሰው ልጅ ሥራ ሲያጣ ዝም ይባላል?»

ፋና ዝርዝሩን አየችው። ሳምሶን አንኮበር ድረስ መጥቶ ዶሮ አይቆጥርም፤ ብትልከው ማን ያውቅባታል? ሥራውን ደግሞ ፈልጋዋለች፣ በጣም ነው የፈለገችው። ግን ያየችው አንዱን ብቻ ነው። አሥራ አንዱን አጠፋችና ለሳምሶን ደወለች።

«ሄሎ ፋና፣ ሰላም ነው? እንዴት ዋልሽ?»

«ሰላም አይደለም» አለች። በዕድሜዋ ለሰላምታ እንዲህ ብላ መልሳ አታውቅም፤ ወይዘሮ አስካለማርያም በድንጋጤ አፋቸውን ያዙ። «ፎቶ ማንሻው ሲነካ ይዘጋል። ሦስቴ ዘግቶ በአራተኛው ይከፍታል። ያገኘሁት አንድ ነው፣ ሌላ የለኝም።»

«በአርባውም ስልክ ላይ ነው?»

«አላውቅም። ከእንግዲህ ‹ደህና ነው ወይ› ብዬ አልጠይቅም፤ ስልኩን ተቀብዬ ራሴ ነው የምነካው።»

«ነገ የት ነበርሽ?»

«ካቆየኸኝ አሊዩ አምባ።»

«በይ ሂጂ» አለ ሳምሶን።

ስልኩ ሲዘጋ ወይዘሮ አስካለማርያም ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ልጁን አባረሩት እንዴ?»