የድንጋዩ ጥያቄ

አለቃችንን በሌለበት «ድንጋዩ» የምንለው ፊቱ ምንም ስለማይናገር ነው። ከሰማይ የሚመጣውን የስበት ሞገድ የሚያደምጡ ሁለት ጣቢያዎች አሉን፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ ከተራራው ማዶ። እሱ አልፎ አልፎ በሁለቱም ላይ የውሸት ሞገድ በድብቅ ያስገባል፤ ሊፈትነን። አምና ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ሲዋሃዱ ያዝን ብለን ወራት ለፍተን ጽሑፉን ስንሰጠው፣ «ፈተና ነበር» ብሎ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ደሜ እስካሁን ይፈላል።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ያ የአምናው ዓይነት የሞገድ ቅርጽ ስክሪኔ ላይ ወጣ። በዝግታ ጀመረ፣ እየፈጠነ ሄደ፣ ከዚያ ጭጭ አለ። የማዶዎቹም ደውለው እነሱም ጋ መታየቱን ነገሩኝ። ልቤ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ንድድ አልኩ። ሁለተኛ መሳቂያ አልሆንም። ግራፉን አትሜ፣ በሩን ሳላንኳኳ ገባሁ።

«ይቺም የእርስዎ ሥራ ናት?»

«ደንቡን ታውቂያለሽ። አዎም አይደለምም አልልም» አለኝ። ፊቱ ያው ነው።

«እንግዲያው እኔም ምሳዬን ልብላ።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ዞርኩ። የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ወንበሩ ሲንሸራተት ሰማሁ።

«ቆዪ እስቲ» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «ማዶም ታይቷል?»

ልመልስለት አፌን ስከፍት ጥያቄው ገባኝ። ያስገባው እሱ ቢሆን ኖሮ ምን ያስጠይቀዋል?

«ታይቷል» አልኩት።

ድንጋዩ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።