ሰማይ ሰፊዋ ፊልም ስትሆን

ሰፈሩም መንገደኛውም ሰፊዋ ይላታል። ሰፊ ግን አይደለችም። የባሏ ሸሚዝ ቁልፍ ሲረግፍ እንኳን መልሶ የሚተክለው ራሱ ባሏ ነው፤ መነፅር ሠሪ ስለሆነ እጁ ለጥቃቅን ነገር የተገራ ነው። ስሙ የወጣላት ከመድረክ ነው። ታላቅ ወንድሟ «ሰማይ ሰፊዋ» የሚል ሙዚቃዊ ተውኔት ጽፎ፣ ዜማውንም ራሱ ደርሶ፣ የዋናዋን ልጅ ቦታ ለእህቱ ሰጣት። ያኔ ልጅ እግር ነበረች። ሕዝቡ ተውኔቱን ከመውደዱ የተነሳ ከመድረክ ላውርደው የሚል ደፋር ጠፋ። እሷም ስታገባ፣ ስትወልድ፣ ልጇን ስትድር፣ ፀጉሯ ሲሸብት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያችኑ ኮረዳ እየሆነች መሰላሉን ስትወጣ ኖረች።

ታሪኩን የማያውቅ የለም። ሰማይ ይቀደድና ብርሃኑ በቀዳዳው ፈስሶ ሊያልቅ ሲል፣ የአንድ ልብስ ሰፊ ልጅ መርፌና ክሯን ይዛ ልትጠግነው በመሰላል ትወጣለች። ነፋስ እየተከተለ የሰፋችውን ይተረትርባታል። በመጨረሻ ክሯ ያልቃል፤ መሰላሉ ጫፍ ላይ ቆማ «ክሬ አለቀ» የሚለውን ዘፈን ትዘፍናለች፤ ነፋስም ልቡ ይራራና ከገዛ ፀጉሩ ክር ይሰጣታል። ዘፈኑ ላይ ሲደርስ አዳራሹ ሁሉ ተነስቶ አብሯት ያዜማል። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ የአንገቷ ሥር እስኪገታተር ትለቀዋለች። ተመልካቹ «እዩዋት፣ ነፍሷ እዚህ የለችም» ይላል። ነፍሷስ እዚያው ነበረች። ዓይኗን የምትጨፍነው ከፍታ ስለምትፈራ ነው። መሰላሉ ከቤቷ ቁም ሳጥን እምብዛም አይበልጥም፤ ግን ወደ ታች ማየት አትደፍርም። ይህን ከባሏ በቀር ማንም አያውቅም፤ ባሏም ለማንም አልተነፈሰም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሟ ፒያኖ የሚመታባት ጠባብ የልምምድ ክፍል ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ገባ። ፊልም አዘጋጅ ነው። ልጅ ሳለ እናቱ ተውኔቱን ልታሳየው አምጥታው፣ ሰማዩ ሲቀደድ ወንበር ሥር እንደገባ ነገራቸው። አሁን «ሰማይ ሰፊዋ»ን ምናባዊ ፊልም ማድረግ ይፈልጋል። የእሱ ሰማይ ቀለም ከተቀባ ሸራ የተሠራ አይሆንም፤ እውነተኛ ሆኖ ይቀደዳል። መሰላሉ ጫፉ አይታይም። ነፋስም መልክ ይኖረዋል። ወንድሟ ሰውየው ሳይጨርስ እሺ አለ። እሷም ቤቷ ስትገባ መስታወት ፊት ቆማ አንገቷን ወዲያና ወዲህ ስታዞር ባሏ አይቶ እንዳላየ አለፈ።

ሳምንት ሳይሞላ አዘጋጁ ብቻውን ቤቷ መጣ። የቀረበለትን ሻይ ሳይነካው ብርጭቆውን ሲያሽከረክር ቆየ።

«እትዬ» አለ በመጨረሻ፣ «መድረክ ላይ እኛ ከሩቅ ነው የምናየዎት። ካሜራ ግን እዚህ ድረስ ነው የሚመጣው።» መዳፉን አፍንጫው ሥር አስጠጋ። «ልጅቷ ደግሞ ገና ኮረዳ ናት።»

«እና እኔን ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ነፋስ እንዲሆኑልኝ ነው የምለምነው።»

መድረክ ላይ ነፋስ ማለት አመድማ ካባ የደረበ ወፍራም ሰውዬ ነው፤ ድምፁም ከመጋረጃ ጀርባ የሚናጥ ቆርቆሮ ነው። ሰፊዋ ፊቷን አጨፈገገች። ስንት ዓመት ስዘፍን ኖሬ ዛሬ ቆርቆሮ ሁኚ ትለኛለህ ብላ፣ በትህትና፣ ግን በሩን በሰፊው ከፍታ ሸኘችው። ከሄደ በኋላ ያልጠጣውን ሻይ ራሷ ጠጣችው፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ወንድሟ ነገሩን ሲሰማ ደም ፍላት ያዘው። ያኔውኑ ስልክ አንስቶ፣ እህቴ የሌለችበት ፊልም ይቅርብኝ ብሎ ዘጋው። አንጀቷ ራሰ። ግን ደስታው ብዙ አልዘለቀም። በማግስቱ ወደ ልምምድ ክፍሉ ስትቃረብ አንድ የማታውቀው ዜማ ሰማች፤ ከታች እየጀመረ ሽቅብ የሚጠማዘዝ፣ ወዲያው ደግሞ የሚንደረደር። በሩን ስትከፍት ወንድሟ ክው ብሎ ጣቶቹን ወደ አሮጌ ዘፈን መለሳቸው። ምን እንደነበር አልጠየቀችውም። ለነፋስ አዲስ ዘፈን እየደረሰ መሆኑ ገብቷታል። ወንድሟ ለእሷ ሲል ምን እንደቀበረ ስታስበው ዋለች።

አዘጋጁ ተስፋ አልቆረጠም። የመረጣት ልጅ አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ትዝፈንላችሁ፣ ካልወደዳችኋት ዳግም ደጃችሁን አልረግጥም አለ። ወንድሟ ዓይን ዓይኗን ሲያያት፣ «ትምጣ እንግዲህ፣ እኔን ምን ጨነቀኝ» አለች።

ልጅቷ የመጣችው ከሥራ መልስ ነበር። መድኃኒት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሰው ችግሩን በሹክሹክታ ይነግራታል፣ እሷም አወሳሰዱን በሹክሹክታ ትነግረዋለች፤ ከዚያ የተነሳ ድምፅዋ ከባንኮኒ ማዶ የማያልፍ ሆኗል። ሰፊዋ ሆን ብላ ሽንኩርት መክተፍ ጀምራ ነበር። ወደ ሳሎን እንኳን አልጋበዘቻትም፤ እዚሁ ወጥ ቤት ዝፈኚ አለቻት። ወንድሟ በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። ልጅቷ እጇን አጣጥፋ፣ ወንበር ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጀመረች።

«ክሬ አለቀ፣ ቀዳዳው ገና ነው፤
ሰማዩም ሰፊ ነው፣ እኔም ሰፊ ነኝ።»

ሰፊዋ ይህን ስንኝ ሁልጊዜ ስትዘፍነው ሁለቱንም «ሰፊ» አጥብቃ ነበር። ሰማዩም ሰፊ፣ እኔም ሰፊ፤ አዳራሹ በጭብጨባ የሚናጠው እዚህ ላይ ነው። ልጅቷ ግን የመጀመሪያውን አጥብቃ ሁለተኛውን አላላችው። ሰማዩ ወሰን የለውም፤ እኔ ግን ልብስ የምሰፋ አንዲት ሴት ነኝ። እንዲህ ስትለው ድምፅዋ ከትንፋሽ ብዙም አልዘለለም። ቢላዋው ሽንኩርቱ ላይ ቆመ። ሰፊዋ በሽንኩርቱ እያሳበበች ዓይኗን ጠረገች፤ ወንድሟ ግን ምንም ሳይከትፍ ዓይኑን ይጠርግ ነበር።

«ማነው እንዲህ ዝፈኚው ያለሽ?»

«ማንም አላለኝም፣ እትዬ። እዚያ ላይ ብቻዋን ናት። ማን ይሰማኛል ብላ ትጮሃለች?»

ሰፊዋ ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ አንገቱን ደፋ። ስጽፈው እኔም እንዲሁ ነበር የሰማሁት አለ።

«እስከዛሬ ታዲያ ምነው ዝም አልክ፣ ጋሼ?»

«አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮሽ ሲዘፍን ምን ብዬ ላስቁምሽ? ያንንም ወድጄዋለሁ እኮ። ያ የመድረክ ነው። ይሄ ደግሞ ሌላ ነው።»

እራት ሲደርስ ልጅቷን አልለቀቋትም፤ ተጋግዘው ከተፉ፣ ተጋግዘው በሉ። ሰፊዋ ግን ስለ ፊልሙ እሺም እምቢም ሳትል አመሸች። በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ መድኃኒት ቤት ሄደች። እንደማንኛውም ሰው ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብላ፣ እንደ ሁሉም ደንበኛ በሹክሹክታ፣ «ነፋሷን እሆናለሁ፣ ለዚያ ለቀጭኑ ንገሪው» አለች። ከኋላዋ የቆሙት አዛውንት ነፋስ የምትለዋን ቃል ብቻ ሰምተው ኖሮ፣ እኔንም ባለፈው ወገቤን መትቶኝ ነበር፣ ሙቅ ነገር ይጠጡበት ብለው መከሯት። አመስግናቸው ወጣች፤ ልጅቷ ከባንኮኒው ሥር ጎንበስ ብላ ሳቋን ስታፍን ቀጣዩ ደንበኛ ጥቂት ጠበቀ።

የፊልሙ ቀረጻ ከከተማው ዳር፣ ጣሪያው ሽቅብ በራቀ መጋዘን ውስጥ ተጀመረ። ግድግዳው ሁሉ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሷል፤ ሰማዩ በኋላ በኮምፒዩተር ይገባል ተባለ። ወንድሟ አንድ ጥግ ላይ ፒያኖውን አስገብቶ፣ ባዶውን አረንጓዴ ጨርቅ እያየ ቀዳዳ ይፈልግ ነበር። መጀመሪያ የተቀረጸው የመሰላሉ ትዕይንት ነው። አዘጋጁ ልጅቷን፣ ስትዘፍኚ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ልክ እንደ እሳቸው፤ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ያለምኩት ያችን ቅጽበት ነው አላት። ልጅቷ ወደ ሰፊዋ መጥታ፣ ምን እያሰቡ ነበር የሚጨፍኑት ብላ ጠየቀቻት።

ሰፊዋ መዋሸት አላማራትም።

«እንዳልወድቅ ነበር የማስበው» አለች። «ከፍታ እፈራለሁ።»

አዘጋጁ አጠገቡ የነበረ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። ሁሉም ፊቱን ያይ ነበር፣ ይከፋው ይሆን ብለው፤ እሱ ግን ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ከዚያ እየተንከተከተ ሳቀ፣ ሌላውም ተከተለው። እንግዲያው ልጅቷ ዓይኗን ትክፈት፤ ያንን የሚያህል ቀዳዳ ፊቷ ተደቅኖ እንዴት አታየውም አለ። እንደዚያም ሆኖ ተቀረጸ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ሌላ ጭንቀት መጣ። ነፋሷ የምትንሳፈፍ ናት። ሰፊዋ ወገቧን በሰፊ ቀበቶ ታስራ፣ በብረት ገመድ ከጣሪያው ልትንጠለጠል ነው፤ ያውም ዓይኗን ሳትጨፍን፣ ምክንያቱም ነፋሷ ልጅቷን ከላይ ቁልቁል ታያታለች። አዘጋጁ ሌላ ሰው ይሰቀልልዎት፣ ፊትዎን ብቻ በኋላ በኮምፒዩተር እንቀጥለዋለን አላት። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። እሺ ልትልም አፏን ከፍታ ነበር። ነገር ግን መሰላሉ ላይ ያለችውን ልጅ ቀና ብላ አየቻት፤ ልጅቷ ደግሞ ነፋሷ ከየት በኩል እንደምትመጣ እየፈለገች ባዶውን ጣሪያ ታያለች። ለብቻዋ ልትተዋት ሆዷ እምቢ አላት።

«እሰቀላለሁ» አለች። «ባሌ ግን ይጠራልኝ።»

ባሏ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ሰላምታ እንኳን ሳያበዛ፣ ትንሿን አጉሊ መነፅር ዓይኑ ላይ ሰክቶ የቀበቶውን ዘለበት ሁሉ አገላብጦ አየ፤ የመነፅር ክንድ ሲመረምር እንደሚያደርገው ሳብ ሳብ አደረገው። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ፣ ይሄ አንቺን አይደለም እኔን ጨምሮ ይሸከማል አላት። ገመዱ ተጠቀለለ። እግሯ መሬቱን ሲለቅ የምታውቀውን ጸሎት ሁሉ ደገመች። ከፍ አለች፤ ደግሞ ከፍ አለች። ከታች አዘጋጁ፣ አሁን ወደ ልጅቷ ይዩ ሲል ሰማች፤ እንደምንም ብላ ዓይኗን ገለጠች።

ወዲያው ያየችው ልጅቷን አልነበረም። የወንድሟን አናት ነው። ዕድሜ ልኳን ከታች ወደ ላይ ያየችው ታላቅ ወንድሟ፣ መሃል አናቱ ላይ ራሰ በራ ሆኖ፣ በመብራቱ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጫል። ዙሪያውን ያለችውን ፀጉር ደግሞ እንዳይታወቅበት በጥንቃቄ ወደ መሃል አበጥሯት ኖሯል። ሰፊዋ ሳቋ አመለጣት። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ ከሆድዋ ወጣ፤ ገመዱ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች ስትስቅ ረጅሙ ሻሽዋ ከኋላዋ ተንሳፈፈ። ፍርሃቱ መቼ እንደለቀቃት አላወቀችም። አዘጋጁ ካሜራውን አላስቆመም። ልጅቷም መሰላሉ ላይ ሆና፣ በምትስቅባት ነፋስ የተናደደች ኮረዳ ፊት ነበራት።

ነገሩ የፊልሙን መልክ ለወጠው። መድረክ ላይ ነፋስ ቁጡ ነበር፤ ስፌቱን የሚተረትረው በክፋት ነው። ፊልሙ ላይ ግን ነፋሷ ተጫዋች ሆነች፤ የምትተረትረው መተርተር ስለሚያስቃት ነው፤ የልጅቷን ክር ማለቅ ስታይ ነው ጨዋታው ሰውን እንደሚያስለቅስ የሚገባት። ወንድሟ ያንን ደብቆት የነበረውን ዜማ አውጥቶ፣ መጀመሪያው ላይ ሳቋን ከተተበት። ለምን እንደሳቀች ሲጠይቃት፣ ኋላ እነግርሃለሁ አለችው፤ እስካሁንም አልነገረችውም።

ፊልሙ የታየ ዕለት ሲኒማው ጢም ብሎ ሞላ። ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ሲቀደድ ከየወንበሩ «እህ» የሚል ድምፅ ወጣ። ሰፊዋ የራሷን ፊት ቤት አክሎ፣ ፀጉሯ ደመና ሆኖ አየችው። መጨማደዷ አንድም ሳይቀር ተቆጥሮ ቀርቧል። ቅር ይለኛል ብላ ፈርታ ነበር፤ ነገር ግን ያች ፊት አገር ያካለለች፣ ብዙ ያየች ነፋስ ፊት ነበረች፣ መጨማደዱም ያምርባታል። ባሏ በጨለማው እጇን ያዘ።

«ክሬ አለቀ» ሲጀምር፣ ሰው እንደለመደው አብሮ ሊዘፍን ተነሳ። ከፊት ያሉት ጥቂት ቃላት አዜሙ። ከዚያ አንዱ ዝም አለ፣ ሌላውም ዝም አለ፤ እነሱ አብረው ከዘፈኑ የልጅቷ ድምፅ እንደሚሰወርባቸው ገባቸው። የቆሙት ቀስ ብለው ተቀመጡ። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ውጦ፣ ከባንኮኒ የማያልፈውን ድምፅ አዳመጠ። ሰፊዋ የተመልካችን ጭብጨባ ጠግባ ኖራለች፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ሰምታ አታውቅም። ከጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ጥፍሯን ስትነክስ አየችና አቀፈቻት።

ሲያልቅ ወንድሟ አዘጋጁን ደጅ ላይ አስቁሞ፣ አንድ ዘፈኔን ቆርጠሃታል ብሎ ክርክር ገጠመው። አዘጋጁ ፊልሙ ይረዝማል ይላል፣ ወንድሟ ይርዘም ይላል፤ የሁለቱም ፊት ግን በደስታ በርቷል። ሰፊዋ እነሱን ስትጠብቅ፣ አንዲት ትንሽ ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ብቅ እያለች በጭንቀት አየቻት። እናትየው፣ እርስዎን ፈርታ ነው፣ ቀሚሴን ትተረትርብኛለች ብላ ነው አለች። ሰፊዋ ቁልቁል ጎንበስ ብላ የትንሿ ልጅ ግንባር ላይ እፍ አለችባት። ልጅቷ ግንባሯን በእጇ ይዛ ቆየችና፣ ድገሚኝ አለች።