ሽማግሌ የተላከበት ኮድ

ምንያህል አሜሪካ፣ ግሮቭፖርት ባለ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ይነዳል፤ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው። ብዙ አንቴናዎች ከሰማይ የሚለቅሙትን የሬዲዮ ሞገድ በነጥብ በነጥብ የሚስል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ ኮዱን የፈለገ ሰው ያሻሽለዋል። ምንያህልም አሻሽሎ ከላከ አራት ወር አልፎታል። ስሙ በአዲሱ እትም ላይ ከወጣ ያንን ይዞ ለዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ሥራ ያመለክታል፤ ካልወጣ ያው ፎርክሊፍቱ አለ። የሶፍትዌሩ ኃላፊ፣ አንኬ የምትባል ሆላንዳዊት፣ መልስ ነፍጋዋለች።

ይህን የሚስቱ አጎት ጋሼ ተፈሪ ሰሙ። ሐበሻ በሚበዛበት በሞርስ ሮድ ሰፈር የተጣላ ባልና ሚስት ካለ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሰው ናቸው። ልጁ በነጻ መሥራቱን እንደ በሽታ ቢቆጥሩትም የሴትዮዋን ዝምታ ግን ኩርፊያ ነው ብለው ሽማግሌ ይላክ አሉ። ምንያህል በኮድ ነገር ሽማግሌ አይላክም ቢል ማን ሰምቶት። ሲጨቀጭቁት ከአንኬ ጋር ቀጠሮ ያዘ። ጋሼ ተፈሪ ሐጂ ከሊፋንና አቶ ሀይሉን አስከትለው በቪዲዮ ኮል ቀረቡ፤ እሺ ካልተባሉ እንደማይቀመጡም ቆመው አስታወቁ። አስተርጓሚው ራሱ ምንያህል ነበር፤ እንደዚያ ቀን አፍሮ አያውቅም።

አንኬ ግራ ቢገባትም ጨዋ ናት። እንዲቀመጡ ለምና፣ እንዳልተቀየመች፣ ዝም ያለችውም ልጁን ላለማሳዘን እንደሆነ ነገረቻቸው። ከዚያ ስክሪኗን ሼር አደረገች። የምንያህል ኮድ ሥዕሉ እንዲያምር ብሎ እየጮኸ የሚረብሸውን አንቴና ነጥቦች ለማንም ሳይናገር ያጠፋል። አንቴናው ምን እንደነካው የሚታወቀው ግን በእነዚያው ነጥቦች ነው።

ምንያህል ማለሳለስ ይችል ነበር። ድምፁ እያነሰ ሁሉንም ተረጎመ።

ጋሼ ተፈሪ በየስብሰባው ድምፅዎን ይቀንሱ የሚባሉ ሰው ናቸው። ዞር ብለው አዩት።

"ስለሚጮህ ነው ያስወጣኸው?"

"አዎ ጋሼ።"

"እንግዲያው አጥፊው አንተ ነህ። ይቅርታ ጠይቃት፤ አንቴናውንም መልሰህ አስገባው።"

ምንያህል ገነፈለ። የራሱ ሽማግሌዎች ፈረዱበት፤ እውነታቸውን መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደው። ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁለት የእረፍት ቀኑን ሰውቶም ኮዱን አስተካከለ።

አዲሱ እትም ሲወጣ ስሙን ፈልጎ አገኘው። ከበላዩ ግን፣ ስህተቱን ያረሙ በሚለው ሥር፣ ተፈሪ፣ ከሊፋ፣ ሀይሉ ተብሎ ተጽፏል። ጋሼ ተፈሪ ይህን ሲሰሙ ለላብራቶሪው ሥራ ሪፈረንስ፣ ማለትም ስለ እሱ የሚመሰክሩ ሰው፣ አድርጎ እንዲጽፋቸው አዘዙት። ምንያህልም ጻፋቸው፤ ጥፋቱን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅለት ማን አለ።